ወንበር ቀዳጁ

«ያ ወንበር የሚቀደው ሰውዬ ሞተ» አለኝ፣ ከአርባ ምንጭ የመጣ የሚኒባስ ሾፌር። ሐዋሳ መናኸሪያ አጠገብ የመኪናውን የኋላ መስታወት ተጠግቼ ጥቅስ እየጻፍኩለት ነበር።

«ማን?» አልኩት፣ ማንን ማለቱ እንደሆነ እያወቅኩ።

«ሲቀላ ያለው ነዋ! የኔንም ቀዶታል። ና እየው።»

ብሩሼን አስቀምጬ ገባሁ። በመቀመጫውና በመደገፊያው መጋጠሚያ ላይ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች። ዳርዋ ዙሪያውን በቀይ ክር ተዘምዝሟል። ከውስጧ የቀበቶ መቆለፊያ ብቅ ብሏል። ስፌቱን ሳየው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። አርባቸው የሚወጣው በሚቀጥለው እሑድ መሆኑን ሾፌሩ ነገረኝ። ጥቅሱን ጨርሼ፣ ቅዳሜ በዚያው መኪና ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ።

ጋሽ አንጁሎ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ዝቅ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የመኪና ወንበር ያለብሱ ነበር። እኔ የሱቋን ግማሽ ይዤ በባጃጅና በሚኒባስ ላይ ጥቅስ እጽፍ ነበር። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መኪና ሲነዱ ቀርቶ ጋቢና ሲቀመጡ እንኳ አላየኋቸውም። መኪና ያጥወለውላቸዋል። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጨንቻ ሲወጡ መስኮት ሥር ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ሎሚ ያሸታሉ። በከተማው ውስጥ የትኛውም ቦታ በእግራቸው ነው የሚሄዱት።

ጨንቻ ተወልደው እስከ አርባ ዓመታቸው ሸማኔ ነበሩ። ዓይናቸው ቀጭን ክር አልለይ ሲላቸው ወደ ቆላ ወረዱ። «ወፍራም ክር ያዝኩ» ነው የሚሉት፣ ሥራ ቀየርኩ ለማለት። አንድ ወንበር አልብሰው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ይዳብሱታል። መዳፋቸውን የሚያቆም ነገር ካገኙ፣ ለዓይን የማይታይ ቢሆንም፣ ይፈቱታል። ባለመኪናው ቸኩሎ ቢነጫነጭ «እጅ ያላገኘው ነገር፣ የለም ማለት ነው። እጅ ያገኘው ግን አለ» ይሉታል። ጭቅጭቁ በዚህ ያበቃል።

የእኔንም ጥቅሶች ይዳኙ ነበር። አማርኛ ማንበብ ብዙም ስለማይሆንላቸው አነብላቸዋለሁ። ክር የወጠሩ ይመስል ሁለት እጃቸውን አራርቀው ያዳምጡኛል። ከዚያ «መሃሉ ላላ» ይላሉ። ያን ጊዜ ስለ ግጥም ምን ያውቃሉ ብዬ እናደድ ነበር። አሁን የድሮ ደብተሬን ሳገላብጥ አብዛኛው መሃሉ የላላ ነው።

ከሠሩት ከእያንዳንዱ መኪና ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ አስቀርተው ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር ይሰኩታል። ሰማያዊ፣ ቡኒ፣ የነብር ቆዳ መሳይ፣ ሁሉም ተደራርቦ ተንጠልጥሏል። ሲቀደድ መጠገኛ ፍለጋ እንዳይንከራተቱ ነው። የትኛው ቁራጭ የማን መኪና እንደሆነ በጣታቸው ነክተው ይናገራሉ።

በዚያ ዘመን ወንበር የሚያለብስ ሰው ሁሉ የኋላውን የደህንነት ቀበቶ ከጨርቁ ሥር ይቀብረው ነበር። ባለመኪናዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚጠይቁት። «ጋሼ፣ ያንን ጅራት ደብቁልኝ፣ ያስጠላል» ይላሉ። ቀበቶው ታጥፎ፣ መቆለፊያውም ተገፍቶ ወደ ሥር ይገባል። ከላይ ጨርቁ ይወጠራል። ወንበሩ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ይሆናል። ጋሽ አንጁሎ ከሁሉም የተሻለ ይቀብሩ ስለነበር ደንበኛቸው ብዙ ነበር።

ይህን ሁሉ የቀየረችው ሊያ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ መምህርት ጽጌ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ናት። ባሏ ጨንቻ ስለተመደበ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጇን በአሮጌ ኮሮላዋ ጭና ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ትወጣለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጇን አስከትላ ሱቃችን መጣች።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ለሊያ ከፍ የሚያደርጋት ትራስ ይሥሩልኝ። ቀበቶ ላስራት ፈልጌ ነው፣ አጭር ስለሆነች ግን አንገቷ ላይ ይመጣባታል።»

«ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ ወደ ልጅቷ እያዩ። አማርኛው አንዳንዴ እንዲህ ያደናቅፋቸዋል።

«ሴት ነኝ» አለች ሊያ። የላይኛው ከንፈሯ አብጧል።

«ይቅርታ የኔ እመቤት። ከንፈርሽን ማን መታሽ?»

«እማዬ። ጥርሴንም ሰብራዋለች።»

«ፍሬን ነው ጋሽ አንጁሎ» አለች መምህርት ጽጌ። «ጥምዝ ላይ ላም ገባችብኝ። ፍሬን ስይዝ ከኋላ ተወርውራ መጥታ ማርሹ ላይ አረፈች። ቀስ ብዬ እየሄድኩ ነበር እኮ! ቁልቁለት ቢሆንስ ኖሮ?»

ትራሱ በሁለት ቀን አለቀ። ወፍራም ስፖንጅ ሰማያዊ ጨርቅ ለብሶ፣ ዳሩ ላይ የጨንቻ ጥበብ ዞሮበት ነበር። ሊያ ኮሮላው ውስጥ ወጥታ ተቀመጠችበትና እንደ ሙሽራ ዙሪያዋን አየች።

«ቀበቶውስ?» አለች መምህርት ጽጌ።

ጋሽ አንጁሎ መቀመጫውን ዳበሱ። የዚያን መኪና ወንበር ያለበሱት እሳቸው ናቸው። «ከሥር ነው» አሉና ምላጭ አወጡ። ሲቀዱት ቀበቶው ከነአቧራው ወጣ። ፀሐይ ስላልነካው ጥቁረቱ ገና አዲስ ነበር። ልጅቷን አሰሯት። ከዚያ መዳፋቸውን ቀበቶው ላይ አድርገው «እስቲ ተንቀሳቀሽ» አሏት። ስፖንጁ ሲሰምጥ ቀበቶው ከጭኗ ተንሸራቶ ወደ ሆዷ ወጣ። ደጋግመው አስተካከሉት፣ ደግሞ ወጣ።

«ሆድ አጥንት የለውም» አሉ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። እሳቸው ግን ሊያን እጇን ይዘው ወደ ጎረቤታችን የሙዝ ነጋዴ ወሰዷት፤ ሚዛን ላይም አወጧት።

«ምነው ጋሼ፣ ይቺን ወደ አዲስ አበባ ልጫናት እንዴ?» አለ ነጋዴው።

«ስንት ኪሎ ነው?»

«ሃያ። ግን ገና አልበሰለችም።»

ሊያ ምላሷን አወጣችበት። ጋሽ አንጁሎ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ከመጣው ሙዝ ሃያ ኪሎ የሚመዝን አንድ ሙሉ ዘለላ መርጠው ተሸከሙ። አራታችንም ወደ ወንዙ በኩል ወዳለው ባዶ ሜዳ ሄድን፤ እሳቸው በእግር። ዘለላውን ትራሱ ላይ አስቀምጠው በቀበቶ አሰሩት። ሊያ ከእኔ ጋር ውጭ ቆመች። መምህርት ጽጌ ትንሽ ነዳችና ፍሬኑን ባንዴ ረገጠችው።

ሮጠን ሄድን። ትራሱ ወደ ፊት ታጥፏል፤ ዘለላው በቀበቶው ሥር ሾልኮ ግማሹ ወለሉ ላይ ነው። ቀበቶው የያዘው ቦታ ላይ፣ መሃሉ ላይ፣ ሙዙ ፈርጧል። ጋሽ አንጁሎ በጣታቸው የፈረጠውን ነካ አደረጉና ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ትራሱን ሲፈቱት አየሁ። ጥበቡን በጥንቃቄ አነሱት፣ ስፖንጁን ወደ ጥግ ወረወሩት። በማግሥቱ መምህርት ጽጌ ስትመጣ «ይሄን እኔ አልሠራውም» አሏት።

«ጠንከር ባለ ስፖንጅ ቢሆንስ?»

«እኔ የምሠራው ለመቀመጫ ነው፣ ልጄ። አንቺ የምትፈልጊው መኪና በድንገት ሲቆም ለሚሆነው ነገር ነው። ይሄ የሌላ ሰው ሙያ ነው። ፋብሪካ የሠራው ይምጣ፣ እኔ አየዋለሁ።»

አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ሱቅ ሱቁን ዞሮ የሦስት መቀመጫዎች ፎቶ በስልኳ ላከላት። ጋሽ አንጁሎ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አንድ በአንድ አዩ። የተጻፈውን እኔ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው መደገፊያ የሌለው ለስላሳ ትራስ ነበር። «ይሄ የኔው ነው፣ ቀለሙ ብቻ ያምራል» ብለው አለፉት። ሁለተኛው መደገፊያ አለው፣ ርካሽ ነው፣ ግን ያገለገለ ነው።

«ማን ነበር የተቀመጠበት? ተጋጭቷል ወይ?» ብለው አስጠየቁ።

ወንድሟ ሻጩን ጠይቆ «አላውቅም ይላል» አለ።

«እሱ ካላወቀ እኛም አናውቅም። ድር ውስጡ ሳስቶም ቢሆን ከላይ ሙሉ ይመስላል። የሚታየው ሲበጠስ ነው። ተዪው።»

ሦስተኛው አዲስ ነው። ሥሩ ደረቅ ፕላስቲክ፣ መደገፊያው እስከ ራስ የሚደርስ። ጥያቄያቸው ማለቂያ አልነበረውም። የጭኑን ቀበቶ ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ጣት መሳይ መያዣ በሁለቱም በኩል አለው? አለው። የትከሻውን ቀበቶ ከአንገት የሚያርቅ ማሳለፊያስ? አለው። ለሃያ ኪሎ ይሆናል? ከዚያም በላይ ይሆናል። መደገፊያውን አጥብቀው የፈለጉት የኮሮላው የኋላ ወንበር መደገፊያ አጭር ስለሆነ ነው። «ራሱን የሚደግፈው የለም» አሉ፣ ልጅቷን እንደገና ወንድ አድርገዋት። ሊያ አጠገባቸው ሆና አላረመቻቸውም። ለምዳዋለች።

መቀመጫው በአውቶቡስ መጣ። አዲስ የሙዝ ዘለላ ተመዘነ፤ ወደ ሜዳው ሄድን። መምህርት ጽጌ ከመጀመሪያው ይልቅ አክርራ ረገጠች። በሩን ስንከፍት ዘለላው እንደተቀመጠ ነው። ቀበቶው ከታች በኩል ጥብቅ ብሎ ይዞታል። ከአናቱ አንዲት ሙዝ ብቻ ተገንጥላ ወድቃለች። ጋሽ አንጁሎ አነሷት፣ ልጠው ለሊያ ሰጧት። የዚያን ዓርብ ልጅቷ ታስራ ጨንቻ ወጣች።

እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ጋሽ አንጁሎ ግን ሱቅ ተመልሰው ከቁራጮቹ ሚስማር ፊት ቆሙ።

«ሁሉንም እኔ ነኝ የቀበርኩት» አሉ።

«ሁሉም ሰው ነው እኮ የሚቀብረው ጋሼ። ባለመኪናዎቹ ናቸው ያዘዙዎት።»

«መርፌው የማን ነው?» አሉኝ።

ከጎኑ ሌላ ሚስማር መቱ። በማግሥቱ ጠዋት ቁራጮቹን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ምላጭና ቀይ ክር ይዘው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ጥቅስ የምጽፍለት መኪና ስለነበረኝ አብሬ ሄድኩ። ቁራጭ ከወንበር ጋር እያመሳሰሉ መኪና በመኪና ገቡ።

«ጋሼ፣ ሥራ ጠፋ እንዴ?» አለ አንዱ ሾፌር። «የሰፉትን ቀደው እንደገና ሊሰፉ!»

«በነፃ ነው።»

«በነፃ ከሆነማ ሌላ ተንኮል አለው። አንተ ረዳት፣ ኪሳቸውን ፈትሽ!»

«ልጆች አሉህ?» አሉት።

«ሦስት።»

«የሚቀመጡት የት ነው?»

«እናታቸው ጭን ላይ፣ ሌላ የት ይቀመጣሉ?»

«እናታቸውስ የምትይዘው ምን አላት?»

ሾፌሩ ሳቀ። «ቅደዱት በቃ» አለ። እሳቸውም ቀደው፣ ቀበቶውን አውጥተው፣ የቀዳዳውን ዳር በቀይ ክር ዘመዘሙት። ቀዩ እጅ ሲፈልግ ዓይን እንዲመራው ነው። የዚያን መኪና ቁራጭ ሱቅ ሲመለሱ ከግራው ሚስማር ወደ ቀኙ አዛወሩት። ወንበር ቀዳጁ የሚለውን ስም ሾፌሮቹ ያወጡላቸው በዚያ ሳምንት ነው። ስሙን የሰሙ አዳዲስ ደንበኞች ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። ጋሽ አንጁሎ ስለዚህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

በዓመት ውስጥ ግራው ሚስማር ላይ የቀረው አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የከፋይ ጨርቅ። ጡረታ የወጡት የአቶ ወርቅነህ ጥቁር አውቶሞቢል ነው። አቶ ወርቅነህ በወጣትነታቸው ከሰሜን ተመድበው መጥተው እዚያው የቀሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ከፋዩን ያሰፉት መኪናው ልጃቸውን በሰርጓ ቀን እንዲያጅብ ነው። ጋሽ አንጁሎ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቀው ሰላም ይሏቸዋል።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ ቀበቶው ታፍኗል። ይፍቀዱልኝ።»

«አንተ ሰው፣ የልጄን የሰርግ ጨርቅ አስቀድዳለሁ?»

«ዳሩን አሳምሬ እዘመዝመዋለሁ።»

«ከፋይ ነው! ከፋይ ተቀድዶ ያምራል? እንደምን ሰነበትክ ብቻ በለኝና እለፍ።»

ጋሽ አንጁሎም «እንደምን ሰነበቱ» ብለው ያልፋሉ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ይመጣሉ። ከዚያ ሰርግ የተወለደው የልጅ ልጅ አድጎ ሲቆም፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ቆሞ ትከሻቸውን እየጨበጠ በከተማው ሲዞር አያለሁ። ጋሽ አንጁሎም ያያሉ። መኪናው በሱቃችን ፊት ሲያልፍ መርፌያቸውን አቁመው እስኪታጠፍ ይከተሉታል። አንድ ቀን «ለምን አይተዉትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አንድ ክር ቀርቶኝ ከሽመናው ልነሳ?» አሉኝ።

እኔ ከዚያ ከተማው ጠበበኝ፣ ሐዋሳ ገባሁ። ስሄድ የሰጡኝ ምክር የለም። የመጨረሻውን ግጥሜን አነበብኩላቸው፣ እጃቸውን አራርቀው ሰሙ፣ «ዳሩ ጥሩ ነው» አሉ።

አርባቸው ላይ ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። መምህርት ጽጌ መጥታለች። ሊያ አሥር ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ ተተክቷል። አቶ ወርቅነህም የልጅ ልጃቸውን ይዘው በጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ሱቁ ከቤቱ ፊት ስለሆነ ከምግብ በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ትቼው የሄድኩትን ዕቃ እንዳየው ከፈቱልኝ። አቶ ወርቅነህ ለመሄድ ሲነሱ በክፍቱ በር በኩል አይተው ቆሙ።

«ይሄ ለምን ለብቻው ተሰቀለ?» አሉ። ቀኙ ሚስማር ከጭነቱ የተነሳ ጎብጧል። ግራው ላይ ወይን ጠጁ ብቻውን ነው።

«የተቀበረ ቀበቶ ነው» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ያኛው በኩል የወጣላቸው ናቸው። አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ የሚያወራው ስለዚህ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሊሞት ሲል ስለኔ መሰላችሁ የሚጨነቀው? ስለ መኪና!»

አቶ ወርቅነህ ቁራጩን ነኩት። የማን እንደሆነ አውቀውታል።

«ሥራ አጥቶ ይመስለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም «አሁን እሱ የለ፣ ማን ይቀደዋል?» አሉ።

«መቅደዱን እኔም አላጣውም» አልኩ። «መስፋት ግን አልችልም።»

ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ሰጡኝ። እትዬ ዘነቡ ምላጩን አመጡልኝ። ጋሽ አንጁሎ ሲያደርጉ እንዳየሁት መጀመሪያ በመዳፌ ዳበስኩ። ከከፋዩ ሥር ደረቅ ነገር አገኘሁ። ቀደድኩት። ቀበቶው ከነመቆለፊያው ወጣ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጥቁርና አዲስ። ልጁን አስቀምጠን አሰርነው።

«አነቀኝ» አለ።

እውነቱን ነው፤ ቀበቶው አንገቱ ላይ ነው የመጣው። አቶ ወርቅነህ ፊታቸው ተለወጠ። «እና ይሄ ሁሉ ለምን ተቀደደ?»

«የሊያ መቀመጫ ቤት አለ» አለች መምህርት ጽጌ። «ባለፈው ዓመት ነው የጠበባት። ሥሩ ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ዘመን አይቼዋለሁ፣ ገና አላለፈበትም። ተጋጭቶ አያውቅም። ከተገዛ ጀምሮ ሊያ ብቻ ናት የተቀመጠችበት።»

«ሙዝም ተቀምጦበታል» አለች ሊያ።

መምህርት ጽጌ ሄዳ አመጣችው። ልጁ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ቀበቶው በጭኑ ላይ ዝቅ፣ በትከሻው መሃል ቀጥ ብሎ አለፈ። ሊያ እጇን በቀበቶውና በሆዱ መካከል ከትታ አየች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኩም። ልጁ ቆሞ መሄድ ለምዶ ስለነበር ጥቂት አጉረመረመ። ከዚያ በመስኮቱ ውጭውን ማየት እንደቻለ ሲገባው ተወው።

«ዳሩስ?» አሉ አቶ ወርቅነህ፣ የከፋዩን ቅድ እያዩ። ክሮቹ ከአሁኑ መርገፍ ጀምረዋል።

«አልችልበትም አልኩዎት እኮ።»

«ይሁን» አሉ። ሞተሩን አስነስተው፣ በመስታወቱ ወደ ኋላ አይተው፣ በዝግታ ሄዱ።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ወይን ጠጁን ቁራጭ ከግራው ሚስማር አንስቼ ከሌሎቹ በላይ ቀኙ ላይ ሰካሁት። እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«እንግዲህ ያንን ባዶውን ሚስማር ንቀለው» አሉኝ።